እስከ በር ድረስ የሚያነክስ ሰው

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፉ እውነት ነው። ዋሽቼ ከሆነ የጫማዬ ሶል መንገድ መሃል ተገንጥሎ ሰው ፊት በካልሲ ልቅር። ካመናችሁኝ ልቀጥል፤ ካላመናችሁኝም መቀጠሌ አይቀርም።

የአንዲት ልጅ አጎት መኪናውን የዊልቸር ምልክት የተቀባበት ቦታ ላይ ገጭ አድርጎ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። ልጅቷ አስራ አራት ዓመቷ ነው፤ ጥያቄ ስለምታበዛ ቤት ውስጥ «መርማሪዋ» ይሏታል። አጎቷ የእናቷ ታናሽ ወንድም ሲሆን ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ሲነቅልና ሲለጥፍ ነው የሚውለው። ቅዳሜ ጠዋት ግን ስራ ከመግባቱ በፊት የስዕል ትምህርት ወደምትማርበት ሕንፃ ያደርሳታል። እሷን ካስገባ በኋላ እዚያው ካፌ ሻዩን ጠጥቶ ነው የሚሄደው።

«ይሄ ቦታ ከሌላው ለምን ሰፋ?» ስትል ጠየቀችው። «ጎኑ ላይ ደግሞ ቢጫ መስመር የተሰመረበት ባዶ ቦታ አለ። መኪና አይቆምበት፣ ሰው አይቆምበት።»

«ለወፍራም መኪና ነዋ። ይልቅ ትከሻሽን አምጪ።»

የትከሻው ነገር እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የሕንፃው ጥበቃ፣ ደግ ሽማግሌ ናቸው፣ ልጄ ይሄ ቦታ እኮ የአካል ጉዳተኞች ነው ቢሉት አጎቷ ሳያስበው አንድ እግሩን ጎተት አደረገ። ሽማግሌው አፍረው ይቅርታ ጠየቁት። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቦታ ላይ ሲወርድ ያነክሳል፤ በሩን አልፎ ኮሪደሩ ሲታጠፍ ይድናል። ክፋቱ፣ ጥበቃው በጣም አዘኑለት። ሲያዩት ወንበር ይዘው ይሮጣሉ፤ ለብ ባለ ውሃ ላይ ጨው በትነህ ንከረው ይሉታል። አንድ ቅዳሜማ፣ ባለፈው የታመመው የግራው አልነበረም ወይ ብለው ጠየቁት። አጎቷ ወደ እግሩ ተመለከተና መሳሳቱን ነቄ አለ።

«አባቴ፣ የኔ ህመም ይዞራል» አላቸው።

ሽማግሌው ከንፈራቸውን መጠጡ። ምርኩዝ ሆና የቆመችው ልጅ ሳቋን ለማፈን ጉንጯን ከውስጥ ነከሰች። ያን ሰሞን ነገሩ ያዝናናት ነበር።

ክፍል ውስጥ ግን የሚያዝናና ነገር ጠፋ። የስዕል አስተማሪያቸው በዊልቸር የምትሄድ ወጣት ሴት ናት። አንድ ተራ የውሃ ጆግ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ እንደ ሰው ፊት እንዲያዩት ታደርጋቸዋለች። ጥፋቷ አንድ ነው፤ ታረፍዳለች። ተማሪዎቹ «ቲቸር ዛሬም ፎረፈች» እያሉ ሙድ ይይዙባታል። ልጅቷ ስለ ቢጫው መስመር በጠየቀችበት ቅዳሜ፣ አስተማሪዋ ገና ሳትገባ የማሰልጠኛው ኃላፊ ብቅ ብለው፣ ወላጆች ስላማረሩ ከእንግዲህ አንዴ ካረፈደች የቅዳሜው ክፍል እንደሚዘጋ ተናገሩ። ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ የምትጠብቀው ይህንን ክፍል ነበር።

ቆይ ግን፣ ለምንድን ነው የምታረፍደው? ስትገባ አታለከልክም፤ ፀጉሯ አልተንጨባረረም። የቸኮለ ሰው አትመስልም። ይልቁንስ ብዙ ሲጠብቅ የቆየ ሰው ነው የምትመስለው። መርማሪዋ ሽንት ቤት ልሂድ ብላ ወጣች።

አስተማሪዋ ግቢው ዳር፣ ትንሽ መኪና ውስጥ መሪዋን ይዛ ተቀምጣለች። ልጅቷ መስኮቱን አንኳኳችና፣ እዚያ ጋ ክፍት ቦታ እያለ ለምን እንደማታቆም ጠየቀቻት።

አስተማሪዋ ፈገግ ብላ በሩን እስከ መጨረሻው በረገደችው። ከጎኗ ያለውን የታጠፈ ዊልቸር አሳየቻት። መጀመሪያ እሱ ይወርዳል፣ ይዘረጋል፣ መኪናው ጎን ይጠጋል፤ ከዚያ ነው እሷ ከወንበር ወደ ወንበር የምትሻገረው። አሁን ያለችበት መተላለፊያ ስለሆነ መኪና ትቶ መሄድ አይፈቀድም፤ ሌላው ቦታ ላይ ደግሞ ግራና ቀኝ መኪና ስላለ በሩ ድመት እንኳን አያሳልፍም።

ባለ ቢጫ መስመሩ ባዶ ቦታ። ልጅቷ ለጥያቄዋ መልስ ስታገኝ ሁልጊዜ ደስ ይላት ነበር። ዛሬ ግን ደስ አላላትም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቦታውን የያዘውን ባለመኪና ለምን እንደማታናግረው ጠየቀች።

«እንዴት ብዬ?» አለች አስተማሪዋ። «ጥበቃው ነግረውኛል፤ እግሩን የሚያመው ሰው ነው። ህመሙ ደግሞ ይዞራል አሉ። እኔ እስኪወጣ ብጠብቅ ይሻላል። ይማረው ነው የምለው።»

ልጅቷ ወደ ክፍል ተመለሰች። ሳምንቱን ሙሉ ለአጎቷ ልትነግረው አፏን ትከፍትና ትዘጋዋለች። የምትስለውን ሁሉ ጎማ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚለጥፍላት እሱ ነው። ውሸታም ነህ ብሎ መጀመር አቃታት።

ቅዳሜ ደረሰ። አጎቷ እዚያው ቦታ ላይ መኪናውን ገጭ አድርጎ አቆመ። ወረደ፣ ቀኝ እግሩን ጎተት አደረገና እጁን ወደ ትከሻዋ ላከ። እጁ አየር ላይ ቀረ። ልጅቷ ፈቀቅ ብላለች።

«ምን ሆንሽ እሙዬ? ሽማግሌው እያዩን ነው» አላት በሹክሹክታ።

«ቲቸራችን ይማረው ብላለች።»

«ማንን?»

«ህመሙ የሚዞረውን ሰውዬ። ዊልቸሯን የምታወርደው እዚህ ነው፤ እስክትወጣላት ውጭ ትጠብቅሃለች። ዛሬ ካረፈደች ክፍላችን ይዘጋል።»

ልጅቷ ትከሻዋን ይዛ ብቻዋን ወደ በሩ ሄደች። ከኋላዋ ሞተር ሲነሳ ሰማች። መኪናው ከግቢው ጫፍ፣ ቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ሄዶ ቆመ። በለቀቀው ቦታ የአስተማሪዋ ትንሽ መኪና ገባች። አጎቷም ከዚያ ሁሉ ርቀት እግሩን እየጎተተ፣ በላብ ተጠምቆ እስከ በሩ መጣ።

እሺ፣ ይህችን የመጨረሻዋን ጨምሬያት ነው። ታስቅ መስሎኝ ነበር። አላነከሰም። ሽማግሌው ወንበራቸውን ይዘው እያዩት፣ በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ ነው የመጣው። ፊታቸው ሲደርስም አላለፈም፤ ቆመና «አባቴ፣ እግሬን አሞኝ አያውቅም» አላቸው።