በፒንሳ የተበላው ብሎን

«ቀጭ» አለች መኪናዋ። እናት ቁልፉን መልሳ አዞረችው። አሁንም «ቀጭ»፤ ከዚያ ዝም።

«ይህን ወንበር ደግሞ ማነው እዚያ ድረስ የገፋው? እግሬ ፍሬኑ ላይ እንኳ አይደርስም» አለችና ወንበሩን በንዴት ወደ ፊት ሳበችው። አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። እናት ተማሪ አመላላሽ ናት፤ ሰባት ሕፃናት ቦርሳቸውን አዝለው በየደጃቸው ይጠብቋታል።

በዚህ ቤት የመኪናዋን ባትሪ የሚነካ አንድ ሰው ብቻ ነው። ካቻምና ሌቦች መኪናዋን አስነስተው ሊወስዷት ሲሉ ለጥቂት ከተረፈች ወዲህ፣ ማታ ማታ የባትሪው ገመድ ይፈታል፣ ጠዋት ጠዋት ይታሰራል። ሥራው የልጅቷ ነው። አሥር ቁጥር መፍቻዋ ከትምህርት ቤት ቦርሳዋ አይለይም። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የታመነችው ግን እሷ ናት እንጂ የአሥራ ስምንት ዓመቱ ወንድሟ አይደለም። እሱ አንድ ጊዜ መኪናዋን ሳያስፈቅድ ይዞ ወጥቶ፣ «ሁለተኛ ብትነካት የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን እርሳው» ተብሏል። ፈተናው የፊታችን ሐሙስ ነው።

ወንድሟ፣ ሰፈሩ ቀውላላው የሚለው፣ የጥርስ ብሩሹን እንደጎረሰ ከቤት ወጣ።

«ያው መካኒኳ ሳታጠብቀው ነዋ» አለ። «ሐሳቧ የት እንደሚሄድ እንጃ።»

«አጥብቄዋለሁ!»

«ካጠበቅሽው ለምን አትነሳም?» አለች እናት። «ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ? ሰባት ልጅ መንገድ ላይ አስቀረሽብኝ። መፍቻውን ለወንድምሽ ስጪው። ከዛሬ ጀምሮ ገመዱን እሱ ይሰር።»

ልጅቷ መፍቻውን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ብታለቅስ «ጥፋቷን አውቃ ነው» እንደሚሉ ስለገባት ምራቋን ዋጠች።

«እማዬ፣ መብራቱን አብሪው» አለች።

የፊት መብራቱ ግድግዳው ላይ ደመቀ።

«ክላክስ።»

ክላክሱ ጎረቤቱን ሁሉ ቀሰቀሰ።

«አሁን መብራቱን ሳታጠፊ አስነሺ።»

«ቀጭ» አለና መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋ። እናት እጇን ከቁልፉ ላይ ስታነሳ ተመልሶ በራ።

«ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ነው የተበላሸው፤ እንግፋት» አለ ቀውላላው።

«ባትሪው ኃይል አለው። ብዙ ሲጠየቅ ግን ኃይሉ መንገድ ላይ ይቀራል» አለች፤ የተናገረችው ለእሱ ሳይሆን ለኮፈኑ ነበር። ከፈተችው። የገመዱን ማሰሪያ በጣቶቿ ይዛ ስትወዘውዘው እንደ ልቅ ጥርስ ተነቃነቀ። ጠዋት በመፍቻ ስታዞረው አልሄድ ብሏት ስለነበር ጠብቋል ብላ ትታው ነበር። በእጇ ሳትፈትሽ መሄዷ የራሷ ጥፋት ነው፤ ይህን ስታስብ የበለጠ ተናደደች።

ከወንድሟ እጅ መፍቻውን ሳትጠይቀው ነጠቀችና ብሎኑን ፈትታ አወጣችው። ጥርሱ ተበልቷል። ተጣሞ ስለገባ፣ ማሰሪያውን ሳይጨብጥ መሐል ላይ ተወጥሮ ቀርቷል። ጭንቅላቱ ደግሞ ዙሪያውን በፒንሳ ተቆርጥሟል።

ፒንሳ እሷ አትነካም። ትናንት እሑድ እናቷ የታመመ ዘመድ ልትጠይቅ በታክሲ፣ እሷም ጓደኛዋ ቤት ልታጠና ሲሄዱ መፍቻው ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ቤት የዋለው አንድ ሰው ነው፤ እግሩም ረጅም ነው። ቀና ብላ አየችው። ቀውላላው ብሩሹን ከአፉ አወጣ። ያውቃል፤ ከመጀመሪያውም ያውቅ ነበር። ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ሳታጠብቀው ነዋ» ያላት እያወቀ ነው።

ወደ ግቢው ጥግ ሄዳ ከብስክሌቱ ዕቃ መጫኛ ላይ አንድ ብሎን መፍታት ጀመረች።

«የኔን ብስክሌት?» አለ።

«የማንን ልፍታ?»

ብሎኑን ይዛ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። የባትሪውን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ፍቃ፣ ማሰሪያውን በአዲሱ ብሎን አሰረችው። በእጇ ወዘወዘችው። ንቅንቅ አላለም።

«አስነሺ።»

መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሳች። እናት ፊቷ በራ፤ አንገቷንም በመስኮት አወጣች።

«ጎበዝ! በይ፣ ለዛሬ ይቅር ብዬሻለሁ። መፍቻውንም መልሰሽ ያዢው። ግቡ፣ ግቡ፣ ረፈደ!»

ቀውላላው በእፎይታ ተነፈሰ። ልጅቷ ሰማችው። ሆድ ይፍጀው ብላ ልትተወው ነበር፤ ይህን ትንፋሽ እስክትሰማ ድረስ።

«ይቅር አትበዪኝ» አለች።

«ምን?»

«ያላጠፋሁትን ይቅር አትበዪኝ። ይህን ብሎን ማን በፒንሳ እንደነካው ጠይቂ።»

እናት ልጅቷ ወደ መስኮቱ የዘረጋችውን የተበላ ብሎን አየች። ከዚያ እጇ ቀስ ብሎ ወንበሩን ወደ ሳበችበት ማንሻ ወረደ።

«ማን ነካው?»

«የነካው ይንገርሽ።»

ልጅቷ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ብሎኑን በፊት መስታወቱ ሥር፣ እናቷ ፊት ለፊት አኖረችው። ቀውላላው አንገቱን ቀብሮ ከኋላ ገባ። መኪናዋ ከግቢ ወጣች። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ብሎኑ ተንከባሎ መስታወቱን ነካ፤ ሁለተኛው ላይ ተመለሰ። የመጀመሪያው ሕፃን ቤት ሊደርሱ ሁለት በር ቀርቷቸዋል።

«እማዬ» አለ ከኋላ። ድምፁ ቀጭን ነበር። «ትናንት እኔ...»

ልጅቷ ዞራ አላየችውም። መፍቻዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋች።