«ሌላ» የሚለው ፎልደር

«ተገኘልሽ ልጄ?» አሉ እማማ ጌጤ ለሦስተኛ ጊዜ።

«ትንሽ ይታገሡኝ» አለች ሳሊሀ። የቆቦ ሙቀት ከጭንቀቷ ጋር ተደርቦ ላቧ ላፕቶፑ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ባትሪው አሥራ ዘጠኝ በመቶ ቀርቶታል።

እማማ ጌጤ ከዋጃ የመጡት ለአንድ ወረቀት ነው። ሽማግሌው አቶ ጓንጉል የሚከራከሩበት መሬት የእማማ ጌጤ እንደሆነ መስክረው አውራ ጣታቸውን ያሳረፉበት ነው። ወረቀቱን ጎርፍ ወሰደው፤ አቶ ጓንጉልም ባለፈው ወር ሞቱ። የቀረው የሳሊሀ እህት ራቢያ በዚህችው የጽሕፈት ሱቋ ስካን ያደረገችው ቅጂ ብቻ ነው። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው። አሁን ሰባት ተኩል ሆኗል።

ራቢያ ፋይሎቿን የምትሰይመው ወረቀቱ አናት ላይ ባየችው ቃል ነው፤ የማመልከቻ ሁሉ አናት ላይ ያለው ደግሞ «ቀን» ነው። «ቀን 1»፣ «ቀን 2» እያለ እስከ «ቀን 214» ይሄዳል። እሷ ግን አይጠፋባትም ነበር። ስክሪኑ ላይ ከተሞቹ አስፋልቱ ዳር እንዳሉበት ተራ ደርድራቸው ነበር፦ የዋጃ ሰው ከላይ፣ የቆቦ መሃል፣ የሮቢትና የጎብዬ ወደ ታች። ለወሊድ ወልድያ ስትሄድ ሳሊሀን «ለየከተማው ፎልደር ክፈቺና ለያይተሽ አስገቢልኝ፣ አደራ» አለቻት።

የዚያን ዕለት ጓደኞቿ በር ላይ ቆመው «ነይ እንጂ!» እያሉ ነበር። ሳሊሀ ሁሉንም በአንዴ መርጣ «ሌላ» የሚል ፎልደር ውስጥ ከተተቻቸው። ስክሪኑ ጽድት አለ። ፎቶ አንስታ «ለያይቼ ጨረስኩ» ብላ ስትልክላት ራቢያ «ጎበዝ!» አለቻት።

አሁን አንዱ ፋይል እስኪከፈት አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ገና ሃያ ስድስተኛው ላይ ናት።

ስልኳ ጮኸ። ራቢያ ነበረች።

«ሳሊዬ፣ የእማማ ጌጤን ሰጠሻቸው? ዋጃ ፎልደር ውስጥ እኮ ነው።»

ኮምፒውተሩ ተበላሸ ማለት ይቻል ነበር። አፏ ላይ ደርሶም ነበር።

«ራቢ… ዋጃ የሚል ፎልደር የለም። ወላሂ ዋሽቼሻለሁ። ሁሉንም አንድ ላይ ነው የከተትኳቸው።»

ከወዲያ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። «ያ ረቢ!» አለች ራቢያ፤ ወዲያው ኔትወርኩ ተቋረጠ።

እማማ ጌጤ ሁሉንም ሰምተዋል። አልተቆጡም። «ጓንጉል እንደሁ ዳግም አይመሰክርልኝ» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ሳሊሀ ላፕቶፑን አንሥታ ተከተለቻቸው። «እኔም እመጣለሁ። ወረቀቱ እንዳለ፣ ያጠፋሁትም እኔ እንደሆንኩ ለዳኛው እነግራቸዋለሁ። ሌላ ቀን ይስጡን።»

«የልጅ ቃል ይሰሙ ይሆን?»

«እንጃ እማማ።»

ባጃጁ ውስጥ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አዲስ ፎልደር ከፈተችና «ዋጃ» ብላ ጻፈችበት። ሦስት ፋይል አየች፤ ሦስቱም የጎብዬ ሰው ነበሩ። አራተኛው ሲከፈት ባትሪው አልቆ ስክሪኑ ጠፋ።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጥበቃው አስቆማቸው። «ባለጉዳዩ ማን ነው?»

እማማ ጌጤ አፋቸውን ሳይከፍቱ ሳሊሀ ቀደመች። «ሁለታችንም» አለች፤ የጠፋውን ላፕቶፕ ደረቷ ላይ እንዳቀፈች።