ከበር የጀመረው ሴራሚክ

«ባዶ ነው» አለ ሲራክ፣ የወጥ ቤቴን ሴራሚክ በመዶሻው እጀታ እያንኳኳ። «ይኼም ባዶ። ይኼም! የሲሚንቶ ሞርታሩን አራት ጥግ ላይ ብቻ ጠብ ጠብ አድርጎ ነው የለጠፈው። ማነው ይኼ ሰነፍ?»

የመጀመሪያ ቀን ትውውቃችን ይኸው ነበር። ሴራሚክ አንጣፊውን ከወናጎ ያስመጣችልኝ ጎረቤቴ ዘነቡ ናት።

«ይሂዱልኝ» አልኩት።

«ምን አጠፋሁ እትዬ ፀጋ?»

«ይሂዱ!»

ሰነፍ ያለው ባሌን ነው። ሲሞን መምህር እንጂ ግንበኛ አልነበረም። ያን ወለል ከመሞቱ ሰባት ወር በፊት ራሱ አነጠፈልኝ። ከእጁ ሥራ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ የተሰነጠቀውን እየዘለልኩ ሦስት ዓመት ኖርኩ።

ሰኔ ላይ አንዱ ከእግሬ ሥር ተነቀለና ትኩስ ድስት ይዤ ወደቅኩ። ክንዴ ተቃጠለ። በደህናው እጄ ለሲራክ ስልክ ደወልኩለት። ደክሞኝ ነበር።

መጣ። ወለሉ የባሌ ሥራ መሆኑን ዘነቡ ነግራው ኖሮ ቀና ብሎ አላየኝም።

«እትዬ፣ ያን ቀን እኔ አፌን...»

«ይተዉት። ይንቀሉት በቃ።»

አንድ በአንድ ነቀለ። አንዱን ገልብጦ አየና አቀበለኝ። በደረቀው ሞርታር ላይ አራት ጣቶች የሄዱበት መስመር ነበር።

«በእጁ ነው የቀባው» አለ ቀስ ብሎ። «ሲሚንቶ እጅ ይበላል። ሰነፍ እንዲህ አያደርግም።»

ሴራሚኩን ይዤ መኝታ ቤት ገባሁ። ስወጣ ፊቴን ታጥቤ ነበር።

ሲራክ አዲሱን ማንጠፍ ጀምሯል፤ ሞርታሩን ጥርስ ባለው ብረት ከዳር እስከ ዳር ያሰምራል። ሴራሚኩን ያስቀምጣል፣ ይጫናል፣ መልሶ አንስቶ ጀርባው ሙሉ መሸፈኑን ያያል። ወደ አስር ሰዓት ግድም ሳየው መስኮቱ ሥር ቆሟል። ከበሩ እስከ እግሩ ሁሉም እርጥብ ነው። መስኮቱ ደግሞ ፍርግርግ አለው።

«ሲራክ... በየት ሊወጡ ነው?»

ወለሉን አየ። «ከበር ጀመርኩ! ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።»

«ምን ነካዎት?»

«ከውስጥ ብጀምር ጀርባዬን ለበሩ ልሰጥ ነው። እርስዎ ደግሞ እያለቀሱ ገቡ... ሲወጡ ማየት ፈለግኩ።»

ዓይኔን ወደ እርጥቡ ወለል መለስኩ።

«አንድ መስመር አንስቼ ልውጣ» አለ።

«አይንኩት! እስኪይዝ ይቆዩ።»

«የሚይዘው እኮ ነገ ጠዋት ነው።»

በጓሮ ዞሬ ሻይና ዳቦ በፍርግርጉ አቀበልኩት። ዘነቡ ከአጥሩ ማዶ ጮኸች፦ «ፀጋ! ሰውየውን አሰርሽው እንዴ?»

ሳቅኩ። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

«ሃያ ዓመት ሰው ቤት ተንበርክኬ፣ የእኔ ቤት እስከዛሬ ሴራሚክ የሌለው ሊሾ ነው» አለ ሲራክ። «ማን ይረግጠዋል ብዬ?»

«እኔ ደክሞኛል፣ ሲራክ። ሌላ ሰው ለመልመድ አቅም የለኝም።»

«እኔም ደክሞኛል። አብረን ብናርፍስ?»

ብርጭቆውን ተቀብዬ ሄድኩ።

ጠዋት እያንዳንዱን እያንኳኳ ወደ በሩ መጣ። አንድም ባዶ አልነበረም። በሩ ላይ ደርሶ ቆመ።

«በእርስዎ ሊሾ ላይ ሴራሚክ መቼ ነው የምናነጥፈው?» አልኩት።

በጥቅምት ተጋባን። የሲሞን ሴራሚክ ወናጎ ባለው ቤታችን መደርደሪያ ላይ ቆሟል፤ የጣቶቹ መስመር ወደ ፊት ዞሮ ይታያል። እንደዚያ አድርጎ ያስቀመጠው ሲራክ ነው።