የአለምነው አምባር

ማክሰኞ፣ ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በጉና ግርጌ ጉም ወረደ። በዚያ አገር ጉም በየጠዋቱ ይወርዳል። በሦስት ሰዓት ሲገለጥ ግን አለምነው ገደል ሥር ሞቶ ተገኘ።

አለምነው የአእምሮ ሕመሙ ተነሥቶበት የጎረቤቱን የጌጡን ጭድ ያቃጠለ ልጅ ነው። ፍርድ ቤቱ የልብ ምቱንና የእጁን እንቅስቃሴ እየለካ ከተማ ላለው የክትትል ቢሮ የሚልክ አምባር አስሮለት በዋስ ለቀቀው፤ ካወለቀው ወደ ማረሚያ ቤት ይመለሳል። አምባሩ ሬሳው እጅ ላይ ነበር።

የቢሮው ባለሙያ ደሳለኝ «ሦስት ሳምንት ሙሉ ልቡ እንደ ኩሬ ውኃ የረጋ ነበር» አለ። «የተረጋጋ ሰው ገደል አይገባም። የገፋው አለ።»

ስለዚህ ጌጡ ታሰረ።

ኢንስፔክተር አሰለፈች የሬሳውን እጅ አገላብጣ አየች፤ አፋፉን ዞረች፤ የአምባሩን መዝገብ አነበበች። ከዚያ ሁሉንም ለቅሶ ቤት ሰበሰበች፦ እናቱን እማማ እመቤትን፣ ለሐዘን ጠጉሩን የተላጨውን ወንድሙን ሙላቴን፣ ደሳለኝንና ካቴና የገባለትን ጌጡን።

«ጭዴን ያቃጠለ እሱ፣ የታሰርሁት እኔ!» አለ ጌጡ። «ደግ ፍርድ ነው!»

«ቆይ ጌጡ» አለች አሰለፈች። «ሦስት ሳምንት የታሰረ አምባር ሥሩን ያነጣዋል። የአለምነው እጅ ግን እስከ ክርኑ ፀሐይ የበላው ነው።»

«ቢያወልቀው ማሽኑ ይነግረኝ ነበር» አለ ደሳለኝ።

«ሌላ ልብ ካገኘ ምን ብሎ ይነግርዎታል? ማክሰኞ በሦስት ሰዓት፣ ሬሳው ሲገኝ፣ ይህ የረጋ ልብ እንደ ፈረስ ጋለበ። የሞተ ሰው የራሱን መርዶ ሰምቶ ይደነግጣል?»

«ብልሽት ነው።»

«በየሦስት ቀኑስ ጎህ ሲቀድ እጁ አንድ ሰዓት ሙሉ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው? በዚህ ቤት በዚያ ሰዓት ወተት የሚንጥ ማን ነው?»

ሁሉም ወደ እማማ እመቤት ዞሩ።

«ያወራብኛል ብሎ አውልቆ ወረወረው» አሉ እናቲቱ። «ልጄን መልሰው እንዳይወስዱብኝ እኔ በእጄ አሰርሁት። ሲሞትም ለሱ አሰርሁለት፤ ከሕግ አመለጠ እንዳይሉት።»

«ጌጡስ፣ እማማ?»

እማማ እመቤት አቀረቀሩ። «አፌ እንቢ አለኝ፣ ልጄ።»

አሰለፈች የጌጡን ካቴና ፈታች። «ከቤቱ እስከ አፋፉ፣ በጭቃው ላይ ያለው ዱካ የአለምነው ብቻ ነው። ማንም አልገፋውም። አቶ ደሳለኝ፣ እርስዎ የእናቲቱን ልብ አይተው ‹ተሽሎታል› ብለው የልጁን መድኃኒት አስቆሙ፤ ሕመሙም ተመለሰበት።»

«በየሳምንቱ በአካል እየመጣሁ አየው ነበር! ፈርሜያለሁ!»

ኢንስፔክተሯ ከግድግዳው ላይ የሁለቱን ወንድማማቾች ፎቶግራፍ አውርዳ ሰጠችው።

«እስቲ አለምነውን ያሳዩኝ።»

ደሳለኝ ብዙ ጊዜ ወስዶ አየ። ከዚያ ጣቱን በአንደኛው ፊት ላይ አሳረፈ።

ጣቱ ያረፈው በሙላቴ ላይ ነበር። ሙላቴ ከፊት ለፊቱ ተቀምጦ ዓይን ዓይኑን ያየዋል።