ግራጫው ነጥብ

ሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ። የጤና ጣቢያችን ስልክ ሲጠራ በትኩሳት የሚቃጠል ሕፃን ታቅፌ ነበር።

«ከዋናው ቢሮ ነው። የበሽታ ካርታውን የምሠራው እኔ ነኝ። ነጥባችሁ ሦስት ሳምንት ሙሉ አረንጓዴ ስለሆነ እንኳን ደስ አላችሁ ልል ነው።»

«ወንድሜ፣ ትቀልዳለህ? አሥራ አንድ ልጆች በኩፍኝ ተኝተውብኛል! ሪፖርት ያልላክነው ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ነው። ስንደውልም የሚያነሳልን የለም።»

«ቆይ፣ ልየው» አለ። እሱ በሠራው ካርታ ላይ፣ ሕመምተኛ የሌለው ጣቢያና ሪፖርት ያልላከው ጣቢያ ቀለማቸው አንድ ነበር።

በማግስቱ ክትባት ከጫነው መኪና አንድ ቀጭን ሰው ላፕቶፑን አቅፎ ወረደ። አልጋ በአልጋ እየዞረ ልጆቹን አየ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ካርታውን ማስተካከል ያዘ።

«ይኼ ግራጫ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ዝም ያለ ጣቢያ። ከእንግዲህ ዝም ያለውን ሁሉ ደህና ነው አልልም።»

ቀና ብሎ አየኝ። ሁለታችንም ቶሎ ዓይናችንን ሰበርን።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ በዚያችው ሰዓት ይደውላል። ቁጥሩን ነግሬው ስጨርስም ስልኩን አንዘጋም። እናቴ «የዚህ ሰውዬ በሽታ ተቆጥሮ አያልቅም እንዴ?» እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ሆን ብዬ ሪፖርቱን አስቀረሁ፤ ስልክም አላነሳሁም። ከሰዓት በኋላ አቧራ ለብሶ በሩ ላይ ቆመ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ምንም። እንድትመጣ ብዬ ነው።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «በዚህ አይቀለድም፣ አንቺ! መንገዱን ሙሉ በሐሳቤ ሬሳ ስቆጥር ነው የመጣሁት።» ቆየት ብሎ ግን ሳቁ አመለጠው። «ለመምጣትማ፣ እናትሽን አስፈቅጄ ለምን ጠቅልዬ አልመጣም?»

ጠቅልሎ መጣ። ስድስት ዓመት አብረን ኖርን። ልቡን ሲያመው «አረንጓዴ ነኝ» እያለ ያስቀኝ ነበር። አመንኩት።

ከቀበርነው በኋላ በመጣው ሰኞ ሪፖርት አልላክሁም። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኩ ጠራ። በዋናው ቢሮ የእሱን ወንበር የተረከበችው ወጣት ነበረች።

«እትዬ፣ ነጥባችሁ ግራጫ ሆነብኝ። ደህና ናችሁ?»

«ደህና አይደለሁም» አልኳት።

አለቀስኩ። ስልኩን ሳትዘጋ ጠበቀችኝ። ከዚያ መዝገቡን ገልጬ ቁጥሩን ነገርኳት፤ ኩፍኝ ዜሮ፣ ተቅማጥ ሁለት።