ጠዋት ሰፊ፣ ከሰዓት ጠባብ

«እኔን ሌባ አይሸውደኝም» አለች ልጅቷ፣ የሱቁን የመስታወት ጠረጴዛ እየወለወለች። «ፊት ይዋሻል፣ እጅ ግን አይዋሽም። የእጁን አንጓ ብቻ ያሳዩኝ፣ ያሰረው ሰዓት የራሱ ይሁን የሰው ወዲያው እነግርዎታለሁ።»

የሕንጻው ዘበኛ ወንበራቸውን ከሰዓት ሱቁ በር አጠገብ አስጠግተው ተቀምጠዋል። «እሺ ኢንስፔክተር» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። «የኔስ?»

«የእርስዎማ ከቆመ ቆየ፣ አባባ። የቆመ ሰዓት ማን ይሰርቃል?»

ዘበኛው ሰዓታቸውን እጅጌያቸው ውስጥ ደበቁት።

የሱቁ ባለቤት አክስቷ ናት። ዛሬ ባትሪ ልትገዛ ስትወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቁን ለልጅቷ ብቻ ትታላት ሄዳለች። «ዛሬን በሰላም ካዋልሽልኝ፣ ትምህርት ሲዘጋ ፒን መግፊያው ያንቺ ነው» ብላታለች። ፒን መግፊያው የብረት ማሰሪያ የሚፈታበት ቀጭን መሣሪያ ነው፤ ልጅቷ በሕልሟ ሳይቀር ታየዋለች። አክስቷ በሩ ላይ ሆና የዘወትር ምክሯንም ደገመችላት፣ «ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ ጨብጪው።» ልጅቷ ግን ይህን መጨባበጥ አክስቷ ለገበያ ብላ የምታሽቃብጠው ነገር አድርጋ ነው የምታየው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰውዬ እየተጣደፈ ገባ። ውጭ ገና በጠዋቱ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እሱ ግን ወፍራም ጃኬት እስከ አንገቱ ቆልፏል። ወደ ኋላው ገልመጥ አለና ከኪሱ በመሃረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ መስታወቱ ላይ ፈታው።

ልጅቷ ምራቋን ዋጠች። እንዲህ ዓይነት ሰዓት እዚህ ሱቅ ውስጥ አይታ የምታውቀው ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ፎቶ ብቻ ነው።

«ሰፋኝ። አሳጥሪልኝ እስቲ፣ እህቴ» አለ። «ቶሎ በይ ግን፣ አለቃዬ ሳያየኝ ነው የወጣሁት።»

ሰዓቱን ሲያጠልቀው ተንሸራቶ ወደ ክርኑ ወረደ።

«የማን ነው?» አለች።

«የአባቴ ነበር፣ አሁን ሰጠኝ። የሱ ክንድ የኔን ጭን ያክላል።»

ሁሉም የአባቴ ነው የሚሉት፣ አለች በሆዷ። እጇን አልዘረጋችለትም። የሌባ እጅ ማን ይጨብጣል? ማሰሪያውን በጥፍሯ ጫፍ ቆንጥጣ የሚተርፈውን አየች። ከዚያ ፒኖቹን እየገፋች ከመቆለፊያው ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት የብረት ቁራጭ አወጣች። እጆቿ ሥራውን ይሥሩ እንጂ ዓይኗ ከሰውዬው ፊት አልተነቀለም።

«ልክክ አለ!» ብሎ ከፈለና ሮጦ ወጣ። አራቱን ቁራጮች ጥሏቸው ሄዷል። የገዛ ሰዓቱ ቢሆን ጥሏቸው ይሄዳል? ልጅቷ ለማስረጃ ብላ ኪሷ ውስጥ ከተተቻቸው።

ከሰዓት በኋላ ሰውዬው ተመልሶ መጣ። ጃኬቱ የለም፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ሰዓቱን ፈትቶ በእጁ ይዞታል።

«ጠበበኝ። አንዷን ቁራጭ መልሺልኝ።»

ጠዋት የሰፋ ሰዓት ከሰዓት ይጠባል? ሰው በአንድ ምሳ ይወፍራል እንዴ? ከዚያ ነገሩ ተገለጠላት። ሰዓቱን ሸጦታል፤ ገዢው ደግሞ ወፍራም ነው። ነቄ ነኝ፣ አለች ለራሷ።

«ቁራጮቹ ጠፍተዋል» አለች ጮክ ብላ። ኪሷ ውስጥ እርስ በርስ ሲጋጩ ይሰማታል። «ትንሽ ይጠብቁኝ፣ መጣሁ።»

ወጥታ ዘበኛው ጆሮ ላይ ተለጠፈች። «አባባ፣ ያ ሰውዬ ሌባ ነው። እንዳይወጣ።»

ዘበኛው እንዲህ ዓይነት ቀን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ዱላቸውን አንስተው በሩ ላይ ተገተሩ።

ስትመለስ ሰውዬው መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ በስልኩ መብራት ከመስታወቱ ሥር እየፈለገ ነው።

«እዚህ ሥር ገብተው እንዳይሆን» አለ፣ ግማሽ ፊቱ አቧራ ሆኖ። «ማታ አባቴ ጋ ነኝ። አስረኸው ና ብሎኛል። ይህን ያህል ዘመን የጠበቀውን ሰዓት በአንድ ቀን በተንኩት ልበለው?»

እጁን ይበልጥ ወደ ውስጥ ሲዘረጋ እጅጌው ተሰበሰበ። ልጅቷ የእጁን አንጓ ልብ ብላ ያየችው ገና አሁን ነው። ዙሪያውን ቀልቷል፤ ማሰሪያው ቁራጭ በቁራጭ ቆዳው ላይ ታትሟል። ሰዓቱን አስሮ የዋለው ይኸው እጅ ነው። ወፍራም ገዢ የሚባል ሰው የለም።

አክስቷ ዘበኛውን ገፋ አድርጋ ገባች። «አባባ ዱላ ይዘው የሱቄ በር ላይ ምን ያደርጋሉ?» አለችና መልስ ሳትጠብቅ፣ ጉልበቱን እያራገፈ የተነሳውን ደንበኛ እንደ ልማዷ ጨበጠችው። ጠዋት ልክ የሆነለት ሰዓት እንደጠበበው፣ ቁራጮቹም እንደጠፉ ሲነግራት አዳመጠችው። እጁንም ቶሎ አልለቀቀችም።

«አሁን ሞቋል» አለች። «ጠዋት ይሄ እጅ የት ነበር?»

«ሥጋ ማቀዝቀዣ ክፍል። እዚያ ነው የምሠራው። በእረፍቴ ሹልክ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ብርድ የመታው እጅ ይኮማተራል፣ ሲሞቅ ያብጣል» አለች አክስቷ ወደ ልጅቷ ዞራ። «ከመለካትሽ በፊት ጨብጠሽዋል?»

ልጅቷ ወደ መስታወቱ ሥር ተመለከተች።

ጎንበስ ብላ «አገኘኋቸው» ማለት ትችላለች። ማንም አይነቃም፣ ፒን መግፊያውም ይተርፍላታል። ሰውዬው ሱሪው ላይ የቀረውን አቧራ እያራገፈ ነው።

እጇን ኪሷ ከተተችና አራቱን ቁራጮች መስታወቱ ላይ ደረደረች። «አልጠፉም። እኔ ጋ ነበሩ። ሰዓቱን የሰረቁት መስሎኝ ነው።»

አክስቷ ፒን መግፊያውን አንስታ ሥራውን ራሷ ጀመረችው።

ልጅቷ እጇን ለሰውዬው ዘረጋች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሰውዬው በሩ ላይ የተገተረውን ዱላ አየ፣ የተዘረጋውን እጅ አየ፣ ከዚያ ጨበጣት። እጁ ይሞቃል።

«ስሚ እህቴ» አለ። «ብሰርቅማ በልኬ እሰርቅ ነበር።»