ያልተነሳው ሞተር ድምፅ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከመሃል ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ እውነቴን ነው የምልህ፣ ልጅ ሆኜ እስቴ ውስጥ ሰዎች ስለ ዛርና ስለ ምንጭ ዳር ጥላ ሲያወሩ ሌላው ልጅ እናቱ ጉያ ሲገባ እኔ እስቅ ነበር፣ ባሕር ኃይል ገብቼ የሞተር ሙያ ከተማርኩ በኋላ ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ፣ ምክንያቱም እኛን ያስተማሩን አንድ ነገር ነው፤ ድምፅ ካለ ድምፁን የሚያወጣ ነገር አለ፣ ፈልገህ አግኘው፣ አለቀ። ስለዚህ አሁን የምነግርህን ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ እኔው ራሴ አላምነውም ነበር፣ አንተም ባታምነኝ አልቀየምህም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስማኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ዘመን ነው። ደብረ ታቦር ስምንተኛ ክፍል ስማር፣ ሒሳብና ትንሽ እንግሊዝኛ የሚችል ወጣት ለባሕር ኃይል እንፈልጋለን የሚሉ መልማዮች መጡና ተመዘገብኩ። አባቴ መሪጌታ እሸቴ ቅኔ ተምሬ መቋሚያቸውን እንድይዝላቸው ነበር የሚመኙት፣ ነገሩን ሲሰሙ ሦስት ቀን አላናገሩኝም፣ በአራተኛው ቀን «ጨው ውሃ ላይ ምን ልትዘራ ነው?» አሉኝና ባረኩኝ፣ ያውም ፊታቸውን አዙረው።

ምጽዋ ስደርስ፣ አየህ፣ እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፣ ሙቀቱ እንደ እሳት ፊቴን ገረፈኝ። መጀመሪያ ዋና አስተማሩን፣ ወንዝ በበቅሎ ጭራ ተንጠልጥዬ የምሻገር የነበርኩ ሰው ባሕር ውስጥ ወረወሩኝ፣ ጠጣሁ፣ ተፋሁ፣ ዋኘሁ። ከዚያ በየሙያው ከፋፈሉን፣ ገሚሱ ሬዲዮ፣ ገሚሱ መድፍ፣ ገሚሱ ገመድና ቀለም፣ እኔ ከመርከቡ ሆድ፣ ሞተር ክፍል። እዚያ ተለማማጅ ሆነህ ትጀምራለህ፣ ፈተናውን ካለፍክ መካኒክ ትባላለህ፣ ቀጥሎ ፈረቃ መሪ፣ ከዚያ ዕድሜና ጤና ከሰጠህ የሞተር ክፍል ኃላፊ፣ በየደረጃው ክንድህ ላይ አንድ አንድ ምልክት ይጨመራል። ሁለት ጊዜ ከወደቅክ ግን ወደ ላይ ትወጣና ጡረታህ እስኪደርስ ዝገት እየፋቅክ ቀለም ትቀባለህ።

እኔ አንዴ ወድቄ ነበር።

የጽሑፉን አይደለም፣ የጆሮውን። አስተማሪያችን ባሻ ተስፋይ አንድ ሞተር ላይ የሆነ ብልሽት ደብቀው ያስነሱታል፣ አንተ ረጅም ካቻቢቴ ይዘህ የብረቱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ የእንጨቱን እጀታ ጆሮህ ላይ ታደርጋለህ፣ የሞተሩ የውስጥ ድምፅ በብረቱ ተጉዞ ጆሮህ ይገባል፣ ብልሽቱ የቱ ጋ እንደሆነ ሳትከፍት ትናገራለህ። እኔ ጭሱን አየሁና «ናፍጣው ነው» አልኩ፣ አልነበረም። ባሻ ሳቁ። «ዓለምነህ፣ አንተ በዓይንህ ነው የምትሰማው» አሉኝ። «ሂድ፣ አንድ ወር አገርህ ቆይተህ ና። ስትመለስ እንደገና ትፈተናለህ፣ ከወደቅህ ብሩሽና ቀለም ይጠብቅሃል።»

እንግዲህ በዚህ ሐሳብ ተውጬ ነው በጥር ወር ካቻቢቴዬን በሻንጣ ይዤ አገሬ የገባሁት። እህቴ ውዴ ልትዳር ነው፣ ሙሽራው የስማዳ ሰው ነው፣ ከዚያው ከወገዳ ከተማ ሚዜና አጃቢ ይዞ ሊመጣ ሳምንት ቀርቶታል፣ ቤታችን ግን ሐዘን ቤት ይመስላል፣ ምነው ብል መካነ ኢየሱስ ከተማ ያለው የሞተር ወፍጮ ከቆመ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፣ ሞተረኛው ሌላ ቦታ ሥራ አግኝቶ ሄዷል፣ እናቴና የጎረቤት ሴቶች የሠርጉን እህል በድንጋይ ወፍጮ እየፈጩ ወገባቸው ተቆርጧል።

የወፍጮው ባለቤት ሼህ ይማም ነበሩ፣ ጨውና አቡጀዲ እየነገዱ የኖሩ፣ አገሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ። ያን ሞተር ፈታተው ከደብረ ታቦር በሰው ሸክም ሲያስመጡት ሕዝቡ እንደ ታቦት አጅቦ ነበር የተቀበላቸው፣ አሁን ግን ፈትቼ ለብረት ልሸጠው ነው ብለዋል። ሰዎች ታዲያ አባቴን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ይዘው «ልጅዎ የሞተር ሰው አይደለም እንዴ?» አሏቸው። አባቴም «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሄዳችሁ እሱን ጠይቁት» ብለው አለፉ። ያቺ «ምን አውቃለሁ» ናት ያስነሳችኝ፣ እመነኝ፣ በማግስቱ ሐሙስ ጧት ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ነበርኩ።

ሞተሩ አንድ ፒስተን ያለው፣ ቮላኖ የሚባል ግዙፍ የብረት ጎማ በጎኑ የተሸከመ፣ በእጅ እየተዘወረ የሚነሳ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ነው። ብርዱ ለጉድ ነበር፣ ብረቱን ስነካው ጣቴ ይደነዝዛል። ብልሽቱን ቶሎ አገኘሁት፣ ናፍጣው ውስጥ ውሃ ገብቷል፣ ቱቦው ደለል ሞልቷል፣ ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ ነፋሁ። ወሬው ተነዛና እስከ ረፋዱ ድረስ ሴቱ እህሉን በአህያ እየጫነ መጣ፣ ወንዱ ሊያይ መጣ፣ አርባ የሚሆን ሰው ሞላ፣ አባቴም ሳይቀሩ መጥተው በሩ አጠገብ ቆሙ።

ስሠራ ሳለሁ ትንንሽ ነገሮች አይቼ ነበር። አጠገቤ በጣሳ ያኖርኩት ዘይት ፊቱ ይንቀጠቀጣል፣ ክብ ክብ እየሠራ፣ የሰው ኮቴ ነው አልኩ። ከጣሪያው ወጋግራ የቆየ የዱቄት ብናኝ በቀስታ ይወርዳል፣ ነፋስ ነው አልኩ። ደጅ የፈሰሰ ጥሬ ይለቅሙ የነበሩ ዶሮዎች ማንም ሳይነካቸው በአንዴ ብር ብለው ጠፉ፣ ይህን ምንም አላልኩትም፣ ዶሮ የራሱ ጉዳይ ነው።

ሁሉም ነገር ተገጠመ። ሁለት ጎረምሶች መዘወሪያውን ያዙ። ሼህ ይማም ጋቢያቸውን አስተካክለው «በል እንግዲህ ልጄ፣ አስነሳው» አሉኝ። ባሻ ተስፋይ ደግሞ ሁልጊዜ የሚሉን ነገር አለ፣ ሞተር ሳይነሳ በፊት አድምጠው፣ ዝምታውን ካላወቅህ ንግግሩን አትለየውም፣ ይላሉ፣ እና ለወጉ ያህል ተንበርክኬ ካቻቢቴውን ከሞተሩ ሆድ ላይ አስደግፌ ጆሮዬን እጀታው ላይ አኖርኩ።

ሞተሩ ይሠራል።

ዱብ ዱብ ዱብ ዱብ ይላል፣ ናፍጣው ሲረጭ፣ ቫልቮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ፣ ልክ በሙሉ ኃይሉ ሥራ ላይ እንዳለ ሞተር። ጆሮዬን አነሳሁ፣ ጸጥታ። የሴቶች ወሬ፣ ደጅ አህያ ያናፋል፣ ቮላኖው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ መዘወሪያው ጎረምሶቹ እጅ ነው። ጆሮዬን መለስኩ፣ ይሠራል፣ እንዲያውም ፈጠን ብሏል። የልቤ ምት ነው ብዬ የእጄን የደም ሥር ይዤ ቆጠርኩ፣ ልቤ በእርግጥ እየደለቀ ነበር፣ ግን ምቱ ከዚያ ጋር አይገጥምም። ከዚያ ነው ልብ ያልኩት፣ ከዱብታው ሥር፣ ፒስተኑ ወርዶ በሚመለስበት በእያንዳንዱ ዙር፣ ሌላ ድምፅ አለ፣ ቅ፣ ቅ፣ ቅ፣ የላላ ብረት ብረትን ሲመታ፣ እየጠነከረም ይሄዳል።

«ልዘውረው?» አለ አንዱ ጎረምሳ።

«ቆይ! እጅህን አንሳ!» ብዬ ጮህኩ፣ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ቀጥሎ አንዲት ሴት ከኋላ «ባሕረኛው ሞተሩን እየተሳለመው ነው እኮ» አለችና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ አንገታቸውን ሲደፉ አየሁ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ያፈርኩበት ጊዜ የለም፣ ግን ከተንበረከክሁበት አልተነሳሁም።

«ምንድነው?» አሉ ሼህ ይማም ጎንበስ ብለው።

«ከፍቼ ሆዱን ማየት አለብኝ።»

«ሠራሁት አላልክም?»

ካቻቢቴውን ሰጠኋቸው። በዝግታ ተንበርክከው እኔ እንዳደረግሁት አደረጉ፣ ጥቂት ቆዩ፣ ተነሱ፣ ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝ፣ ካቻቢቴውን መለሱልኝና አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ። «ክፈተው።»

የጎኑን ክዳን ፈታሁ። ፒስተኑን ከታች ይዞ የሚያዞር ቢዬላ የሚባል ወፍራም ብረት አለ፣ በሁለት ብሎን ይታሰራል፣ አንደኛው ደህና ነው፣ ሁለተኛውን ቁልፍ አግብቼ ገና ጫን ሳደርገው ቀጭ ብሎ እጄ ላይ ተሰበረ። አንገቱ ድሮ ተሰንጥቆ በፀጉር ያህል ነበር የተያያዘው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልንገርህ፣ ሞተሩ ቢነሳ ኖሮ አንድ ቁና ሳይፈጭ ብሎኑ ይበጠሳል፣ ያ ወፍራም ብረት የሞተሩን ጎን ቀዶ ይወጣል፣ የሚወጣው ደግሞ ሴቶቹ ቁናቸውን ይዘው ወደተሰለፉበት ነው፣ ከፊት የቆመችው እህቴ ውዴ ነበረች።

ስባሪውን ከፍ አድርጌ አሳየሁና ይህንኑ ነገርኳቸው። የሳቀችው ሴት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቴ በሰው መሃል እየቀዘፉ መጡ፣ ስባሪውን ከእጄ ተቀብለው እንደ መጽሐፍ ገልብጠው ገልብጠው አዩት፣ ወደ ሕዝቡ ዞሩና «የኔ ልጅ ነው!» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ መቅደስ ውስጥ በሚያዜሙበት በዚያ ድምፅ።

ሼህ ይማም ከሞተሩ ጋር የመጣ የመለዋወጫ ሣጥን ነበራቸው፣ ውስጡ በዘይት ወረቀት የተጠቀለለ አዲስ ብሎን ተገኘ። ሁለቱንም ለወጥኩ፣ አጠበቅሁ፣ ዘጋሁ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎረምሶቹ ዘወሩት፣ አንዴ አስነጠሰ፣ ሁለተኛ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ በሦስተኛው ያዘ! ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያያይዘው ቀበቶ፣ ቺንግያው፣ ተወረወረ፣ ድንጋዩ ዞረ፣ ነጭ ትኩስ ዱቄት እንደ ውሃ ወረደ፣ እልልታው ከሞተሩ በለጠ፣ ጎረምሶቹ ትከሻቸው ላይ አወጡኝ፣ ሼህ ይማም እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፣ ውዴ ፊቷ ዱቄት ሆኖ ትስቃለች፣ ያን ዕለት ንጉሥ የነበርኩ ይመስለኛል።

ከትከሻቸው ስወርድ፣ ተረጋግቶ መሥራቱን ላረጋግጥ ብዬ ካቻቢቴውን እንደገና አስደገፍኩ።

ምንም የለም።

ቀነሰ አላልኩህም፣ ምንም። ቤቱ በሙሉ እየተንቀጠቀጠ፣ ቺንግያው እየተማታ፣ በብረቱ በኩል ግን እንደ ጥልቅ ጉድጓድ ዝም ያለ ነው። ካቻቢቴው ተበላሸ ይሆን ብዬ ብረቱን በጥፍሬ ነካ ነካ አደረግሁት፣ ጥፍሬ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ሞተሩ ብቻ ነው የሌለው። ተነስቼ ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠቀለልኩ፣ ለማንም አልተነፈስኩም።

ሠርጉ ተሠረገ፣ የስማዳ ሰዎች ሲጨፍሩ ሰነበቱ፣ የተረፈ ምግብ ለጎረቤት ተከፋፈለ፣ እኔም ወደ ምጽዋ ተመለስኩ። በፈተናው ቀን ባሻ ተስፋይ ባለ ስድስት ፒስተን ሞተር አስነስተው እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አደመጥኩ፣ ሁሉም በየቦታው ጥርት ብሎ ይሰማኛል፣ ማን እንደሚያንከስ ወዲያው ለየሁት። «አራተኛው ላይ፣ የጭስ ማውጫው ቫልቭ፣ ክፍተቱ በዝቷል» አልኩ። ባሻ ሰዓታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ይህን ማን አስተማረህ?» «እርስዎ» አልኩ። «እኔማ ለሁላችሁም አንድ ዓይነት ነው ያስተማርኩት» አሉ፣ ግን ደስ ብሏቸው ነበር፣ በዚያ ዙር አንደኛ ወጣሁ፣ ምልክቴን ክንዴ ላይ የሰፉት እሳቸው ናቸው፣ በገዛ መርፌያቸው። ፈረቃ መሪ ሆንኩ፣ ኋላም የሞተር ክፍል ኃላፊ፣ በማዕበል መሃል ስንት ሌሊት ከታች ቆሜ አድሬያለሁ፣ በእኔ ኃላፊነት ሥር ሞተር ቆሞ መርከብ የተጎተተበት ቀን የለም፣ ይህን በኩራት ነው የምነግርህ። ከዚያ በኋላም ስንት ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ጆሮዬን አኑሬያለሁ፣ ብረት ብቻ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ ብሎልኝ አያውቅም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ፈቃድ ወስጄ እስቴ ሄድኩ። ሼህ ይማም አርጅተው ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ከኋላቸው ሞተሩ ይሠራል። እጃቸውን ስሜ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ዓመታት ሙሉ ሲያብሰለስለኝ የኖረውን ጠየቅኋቸው።

«ሼህ ይማም፣ ያን ቀን ካቻቢቴውን ስሰጥዎት ምን ሰሙ?»

«ምንም አልሰማሁም» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ክፈተው አሉኝ?»

ቀኝ መዳፋቸውን ዘርግተው አዩት።

«ስንበረከክ ልደገፍ ብዬ እጄን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ» አሉ። «ትኩስ ነበር፣ ልጄ። አቃጠለኝ። ሰው እንዳይሸሽብኝ ለማንም አልተናገርኩም፣ የምተዳደረው በዚሁ ወፍጮ ነው።»

ሦስት ሳምንት የቆመ ሞተር፣ በጥር ብርድ፣ ጧት ጣቴን ያደነዘዘኝ፣ ክዳኑን ስፈታም ያው ቀዝቃዛ የነበረ ብረት።

«ግባና አድምጠው እንጂ፣ ደህና መሆኑን ንገረኝ» አሉኝ ወደ በሩ እያመለከቱ።

«ከዚህ ሆኜም ይሰማኛል፣ ደህና ነው» አልኳቸው፣ ተሰናብቼም መንገዴን ያዝኩ፣ ዳገቱን እስክጨርስ ድረስ ዞሬ አላየሁም።